ታጥቦ የመጣ አሮጌ ልብስ

የድሮ ሰው ልብስ ከድሮ ሰው ሣጥን ይገኛል ይባላል። አይገኝም። ሣጥን ውስጥ የሚገኘው የሠርግ ልብስ ነው፤ ሰውዬው በዕድሜው ጥቂት ቀን ብቻ የለበሰው፣ በለበሰበትም ቀን እንዳይቆሽሽበት ተሳቅቆ የዋለበት። የሚያርስበት፣ የሚነግድበት፣ የሚጣላበት ልብስ ጀርባው ላይ ያልቃል። ካለቀ በኋላ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል፣ ከዚያ መወልወያ፣ ከዚያ ምንም። በየመድረኩ የምናያቸው አያቶቻችን ሁሉ ሙሽሮች የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ከብት ሲነዱ ሙሽራ፣ ሲዋጉ ሙሽራ፣ በረሃ ሲሻገሩም ሙሽራ፤ ጥለታቸው ከሩቅ ያበራል።

ይህንኑ አንድ መጽሔት ላይ ጽፌ ነበር። በአገራችን አንድ ነገር ልክ አይደለም ብሎ የጻፈ ሰው ቅጣቱ ሄዶ እንዲያስተካክለው መላክ ነው። ደሴ ያለ አንድ የኪነት ቡድን ጽሑፌን አንብቦ ኖሮ ጠራኝ። የያዙት ቲያትር ከደጋው ጫፍ ወደ ቆላው ስለሚወርዱ የጥንት ነጋዴዎች ነው። ደገኛና ቆለኛ ጦሩን ዛፍ ላይ አስደግፎ ጨውና ጥጥ የሚለዋወጥበትን የድንበር ገበያ መድረክ ላይ እንደነበረ ሊያሳዩ ፈልገዋል። «ልብሱን አንተ ምረጥልን» አሉኝ። ሄድኩ። አብዛኞቻችሁ ያንን መንገድ እንደማትሄዱት ስለማውቅ እንደሄድኩበት በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ከአዲስ አበባ የተነሣሁት አንድ ትልቅ ጥቅል ይዤ ነው። ውስጡ ከመርካቶ አሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች የለቀምኩት ናሙና አለ፤ ያደፈ እጀ ጠባብ፣ ጉልበቱ የተበላ ተነፋነፍ ሱሪ፣ መልኩ የጠፋ ኩታ። ለነጋዴው «ከዚህ የቆሸሸ የለህም?» ስለው የሰጠኝ እይታ እስካሁን ትዝ ይለኛል።

አውቶቡሱ ከብርዱ ወርዶ ሙቀቱ ውስጥ ሲገባ አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ጥቅሌን በዱላ ጫፍ ከፈተው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልብስ ነው።»

«ልብስ መሆኑንማ ዓይን አለኝ። ሰልባጅ ነው?»

«የቲያትር ልብስ ነው። የመሸኛ ወረቀትም አለኝ።»

ወረቀቱን አየው። ልብሱን አየው። ሁለቱ አልገጠሙለትም። «እንግዲያው ልበሰው። ልክህ ከሆነ የአንተ ነው። ካልሆነ ኮንትሮባንድ ነው» አለኝ።

ከዚህ የተሻለ ሕግ ነክ ክርክር ፍርድ ቤትም ሰምቼ አላውቅም። በተሳፋሪው ሁሉ ፊት ከኮቴ ላይ እጀ ጠባቡን፣ ከሱሪዬ ላይ ተነፋነፉን ደረብኩ። ልኬ ሆነ። ተሳፋሪው አጨበጨበ። አውቶቡሱ ውስጥ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጎንበስ ብለው «ጋሼ፣ አያውልቁት። ከኮቱ ይሻልዎታል» አሉኝ። በሙቀቱ ምክንያት ምክራቸውን አልተቀበልኩም።

የዚያን ቀን ያደርነው ኮምቦልቻ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ወሎ ሲባል ብርድ ብቻ ይመስለዋል፤ ኮምቦልቻ ግን ቧንቧውን ስከፍት ማንም ሳያሞቀው ሞቅ ያለ ውሃ መጣ። እኛ ቤት ለዚህ ከሰል እናነዳለን። የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ብርቄ መልካም ሴት ናቸው፤ እራት ቀጥ ያለ ሽሮ ከነሚጥሚጣው አቀረቡልኝ፤ ለወባ ትንኝም የራሳቸውን አጎበር አውጥተው ሰቀሉልኝ። ጥቅሌን ሲያዩ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ ነገር ከአልጋዬ ጋር አያድርም።»

«የጥናት ዕቃ ነው።»

«ያጥኑት! ውጭ ያጥኑት!» አሉና ናሙናዎቼን ግቢው ውስጥ ሽቦ ላይ አሰጧቸው። ትንሽ ቅር አለኝ። ቆሻሻውን ለመሰብሰብ ስንት ደክሜበት ነበር።

በማግስቱ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጣን። መንገዱ እየተጠመዘዘ ሲወጣ ሰው በየኩርባው አንድ ልብስ ይደርባል፤ ኮምቦልቻ ላይ በሸሚዝ የተሳፈረው ደሴ ሲደርስ ጋቢ ውስጥ ነው። ፒያሳ ስንወርድ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ የሱቆቹን ስም ሸፍኖታል። እዚያ የጠበቀኝ ከድር የሚባል የታሪክ መምህር ነው፤ ቲያትሩን የጻፈውም የሚያዘጋጀውም እሱ ነው። ቀጭን፣ ፈጣን ተናጋሪ፣ እጁ ላይ ሁልጊዜ የጠመኔ ዱቄት ያለበት ሰው።

ሻይ ሳንጠጣ ችግሩን ነገረኝ። ቲያትሩ ለገምጋሚ ኮሚቴ ቀርቦ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ቃሉ አልተነካም፤ የተነቀፈው ልብሱ ነው። ተዋንያኑ የለበሱት ነጭ በነጭ ከነጥለቱ ነበር። ሰብሳቢው ጓድ እንድሪስ «በፊውዳሉ ዘመን ሕዝቡ እንዲህ አጊጦ ከነበረ አብዮቱ ለምን አስፈለገ?» ብለው ጠይቀዋል። ለሦስተኛ ጊዜ የሚያዩት በገበያው ቀን ኮምቦልቻ ላይ ነው። ካለፈ አዲስ አበባ መጥቶ ይታያል። ካላለፈ ቡድኑ ወደ ሰልፍ መዝሙር ይመለሳል፤ ከድር ደግሞ ስድስት ዓመት የጻፈውን መሳቢያ ውስጥ ይቀብራል።

«ጋሼ፣ አያቴ ያን ገበያ ይወርድ የነበረ ሰው ነው» አለኝ። «ሰው መድረክ ላይ ሊያየው ነው ብዬ ለእናቴ ነግሬያታለሁ። በየቀኑ መቼ ነው ትለኛለች።»

ጓድ እንድሪስን ከሰዓት በፊት ቢሯቸው አገኘናቸው። ጠብደል ያሉ፣ በጥንቃቄ የሚናገሩ ሰው ናቸው። «የጭቁን ሕዝብ ልብስ ጭቆናውን መምሰል አለበት። የቆሸሸ፣ የተቀደደ» አሉ። እኔም በሌላ ምክንያት የምፈልገው ይህንኑ ነበርና በሙሉ ልቤ ደገፍኳቸው። በሕይወቴ ከኮሚቴ ጋር የተስማማሁበት ብቸኛ ቀን ስለሆነ መጠርጠር ነበረብኝ።

ከድር ለቡድኑ የተመደበውን አዲስ አቡጀዲ ጭቃ ውስጥ ነክረን እናስረጀው የሚል ሐሳብ ነበረው። ታጥቦ ጭቃ ማለት ይህ ነው ብዬ ከለከልኩት። ጭቃ የነካው አዲስ ልብስ ጭቃ የነካው አዲስ ልብስ ነው፤ አያረጅም። ይልቅ አቡጀዲውን እንለውጠው አልኩ። ያረጀ የሥራ ልብሱን ላመጣ አዲስ ጨርቅ ይሰጠው። ከድር ዘሎ ተነሣ። በገበሬ ማኅበራቱ በኩል ለደሴ ዙሪያና ለኮምቦልቻ አካባቢ መልእክት ተላለፈ፦ «ከከተማ ትልቅ እንግዳ መጥቷል። የድሮ ልብስ ያላችሁ በገበያው ቀን ይዛችሁ ቅረቡ፤ አዲስ አቡጀዲ ይሰጣችኋል።» «ትልቅ እንግዳ» የሚለውን እኔ አልጨመርኩም። ጥፋቱ ግን የመጣው በዚያች ቃል ነው።

ምሳ ሆጤ ሠፈር ከድር ቤት ነበር። ባለቤቱ ፋጡማ ለእኔ ብቻ ለብቻው ሰሐን አቀረበች። ከድር ከሌላው ይበላል። ነገሩ ሲገባኝ፣ የእኔ ሥጋ የታረደውም የተሠራውም ክርስቲያን ጎረቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ቤት ነው።

«ለምን ተቸገራችሁ? እኔ ይህን ያህል አጥባቂ አይደለሁም፤ ሁሉንም እበላለሁ» አልኳት።

«ኧረ በአላህ!» አለች ፋጡማ። «እርስዎ ባይፈሩ እኛ እንፈራልዎታለን። አብሽሩ፣ ይብሉ።»

ወይዘሮ አስካለም በበሩ አንገታቸውን አስገብተው ጨው በዝቶበት እንደሆነ ጠየቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ለአሥር ዓመት ጎረቤቴ የሆነ ሰው አለ፤ ጨው ይብላ አይብላ አላውቅም።

ሦስተኛው ቀን በእግር ነው ያለፈው። ገበያው እስኪደርስ ዝም ከምንል ብሎ ከድር ወደ ደሴ ዙሪያ ወሰደኝ፤ በጎመንና በድንች ማሳ መሐል በቀጭን መንገድ። የምንሄደው አያ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ጋ ነው። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ቆላ ወርደው የነገዱ ሰው ናቸው። ቤታቸው ስንደርስ እርጎ ቀረበ፤ ቆሎ ቀረበ፤ ዱዓ ተደረገልን፤ ከዚያ ሣጥናቸው ተከፈተ። ሣጥን ውስጥ ከሠርግ ልብስ በቀር የለም ብዬ የጻፍኩ ሰውዬ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በሥርዓት የታጠፈ፣ በእጅ የተፈተለ፣ ጥለት የሌለው፣ ሻካራ ነጭ ሸማ። ነጋዴ በረሃ የሚሻገርበት ማለት ይህ ነው!

«ይሄ ነው! ይሄ ነው!» ብዬ አነሣሁና ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ዞር ዞር አልኩ።

 ከድር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ከፈናቸው ነው» አለኝ።

የሚቀበሩበት። ለዚያች ቀን ብለው አስፈትለው ያስቀመጡት። ከትከሻዬ ላይ ፈጥኜ አውርጄ እንደነበረው ላጥፈው ጀመርኩ። አያ ይማም ግን ሳቅ ይዟቸው ነበር።

«ልክዎ ነው እንዴ? እኔ አልቸኮልኩም። ከቸኮሉ ይውሰዱት።»

ይቅርታ ስጠይቅ፣ ሲስቁ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ሲስቅ ጥቂት ቆየን። ከዚያ የድሮው የንግድ ልብስዎ የት ደረሰ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«በዚያ ክፉ ዘመን እህል ሆነ» አሉ። «ጋቢው ገብስ ሆነ። ሱሪው ማሽላ ሆነ። ሰደርያው ምን እንደሆነ እንጃ፣ በልተነዋል። ይሄን ብቻ አልሸጥኩም። ቶሎ የሚያስፈልገኝ መስሎኝ ነበር።»

ይህን ያሉት እንደ ቀልድ ነው። እኔ ግን እስከ ደሴ ድረስ ስለ ልብስ አልተናገርኩም። የሥራ ልብስ ሣጥን ውስጥ ለምን እንደማይገኝ በመጽሔቱ ላይ የሰጠሁት ምክንያት ትክክል ነበር፤ ግን የጠገበ ሰው ምክንያት ነበር።

ማምሻውን ሆጤ ስንደርስ የከድር ግቢ ውስጥ ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ ላይ ጠዋት ትቻቸው የሄድኳቸው ናሙናዎቼ ተሰጥተዋል። እጀ ጠባቡ ነጭ ኖሯል! ኩታውም እንደዚያው። ተነፋነፉ ጉልበቱ ላይ ተጥፏል፤ አጣጣፉም ያምራል።

«ከዚያ ሁሉ መንገድ አድፎብዎት ነው የመጣው» አለች ፋጡማ። «የቀበሌ ሳሙና አልደረሰንም እንጂ ከዚህ ያበራ ነበር። በእንዶድ ነው ያሸሁት።»

መርካቶ ሁለት ቀን ተንከራትቼ የገዛሁት እድፍ በአንድ ቀን ወንዝ ወርዷል። ከድር መሬት መሬት ያያል። «አላህ ይስጥልኝ» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? ያኔ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር። አልገባኝም። የአንዲት ደግ ሴት ሥራ ነው ብዬ አለፍኩት።

የገበያው ቀን ጠዋት ከተዋንያኑ ጋር በጭነት መኪና ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ኩርባዎቹን ጨርሰን ሜዳው ሲከፈት የቦርከና ወንዝ ዳርና ዳር ነጭ ሆኗል። ድንጋዩ ላይ፣ ቁጥቋጦው ላይ፣ ሣሩ ላይ ልብስ ተሰጥቷል፤ ሴቶችና ወንዶች በየቦታው ያሻሉ፣ ይጨምቃሉ፣ ያራግባሉ።

«እንዴት ያምራል!» አልኩ።

 የከድር ፊት ግን አመድ መስሏል።

ገበያው ዳር ዋርካ ሥር ሰዉ ጠበቀን። ሁሉም በእጁ ጥቅል ይዟል። መጀመሪያ የፈታው ሰው ጋቢ አወጣ፤ ነጭ። ሁለተኛው ሽርጥ፤ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ገና እርጥበቱ ያልለቀቀው። ሦስተኛው እጀ ጠባብ፤ አንገትጌው ላይ አዲስ ክር ገብቶበታል። ትልቅ እንግዳ መጥቷል ተብሎ ተነግሯቸው ማን ያደፈ ይዞ ይቅረብ? አገሩ ሁሉ ሲያጥብ ነው ያደረው። ለእንግዳ ክብር ሲባል ቲያትሩ ገደል ገባ።

ጓድ እንድሪስ በዚሁ መሐል ደረሱ። ልብሱን አንድ በአንድ አነሣ አድርገው አዩና ወደ ከድር ዞሩ። «ጓድ ከድር፣ ይህ ነው የጭቁን ልብስ?»

ከድር አፉን ሳይከፍት ከሰልፉ ፊት የነበሩ እማማ ሩቅያ የሚባሉ አሮጊት ቀደሙት።

«ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም እናቴ። ችግሩ ንጹሕ መሆኑ ነው።»

«ንጹሕ መሆኑ ነው ችግሩ?» እማማ ሩቅያ ወደ ኋላ ዞሩ። «ሰማችሁ? አጥባችሁ መጣችሁ ብሎ ነው የሚቆጣን!»

ሳቅ ሆነ። አንዱ ጎልማሳ «ቆይ ተንከባለን እንምጣ!» አለ። ጓድ እንድሪስ እጃቸውን አነሡ። «እናቴ፣ ይህ እኮ ቲያትር ነው። የድሮውን ኑሮ ማሳየት ነው። ድህነቱን።»

«ድሃ ገበያ ሲወጣ አይታጠብም ያለህ ማነው? አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ሰብሳቢው «የአደም። የዚሁ የቃሉ አውራጃ ልጅ ነኝ» አሉ።

«የአገሬ ልጅ! እናትህ ገበያ ስትልክህ በአዳፋ ነበር የምትልክህ? ወላሂ በል!»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሳቸው አየ። እኔም አየሁ። ጓድ እንድሪስ ቆባቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። «አንድ እጀ ጠባብ ነበረችኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ዋዜማውን እናቴ ታጥባታለች። እስክትደርቅ ቡልኮ ውስጥ ተጠቅልዬ እጠብቃለሁ።»

«እንግዲያ!» አሉ እማማ ሩቅያ፤ ነገሩ አልቋል።

በእሳቸው በኩል አልቋል፤ በኮሚቴው በኩል ገና ነው። ከድርን በክርኔ ነካሁት። «አልብሳቸው። አሁኑኑ እዚሁ» አልኩት። ተዋንያኑ ዋርካው ሥር መልበስ ጀመሩ። ያኔ በሃያ ዓመት ንባብ ያላየሁትን አየሁ። እድፍ ይታጠባል፤ ማለቅ ግን አይታጠብም። ጋቢዎቹ ሁሉ ዱላ የሚያርፍበት ትከሻ ላይ ሳስተዋል፤ ፀሐይ በዚያ በኩል ያልፋል። የእጀ ጠባቡ ጀርባ በጭነት ገመድ ተበልቶ እንደገና ተጥፏል፤ በጥፉ ላይም ሌላ ጥፍ አለ። ነጭ ነው፣ የነጋዴ ነው፣ ድሃም ነው፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ። እኔና ኮሚቴው ግን እድፍ እንፈልግ ነበር።

ሰዉ አለባበሱን ሲያይ ዝም ብሎ ሊቆም አልቻለም። አንዷ የአንዱን ተዋናይ ጋቢ ስባ ወደ ግራ ጣለችው። «ኧረ እንዲህ አይደለም፣ ግመል የሚጎትት ሰው ቀኝ እጁ ነፃ ነው!» ሌላው ጥምጥሙን አፍርሶ እንደገና ጠመጠመው። አንደኛው ተዋናይ ግን ሽርጡን እንዴት አድርጎ እንዳሰረው እንጃ፣ አንድ እርምጃ ሲራመድ ሊወልቅበት ሆነ፤ ገበያው በሳቅ ተናጋ።

ጓድ እንድሪስ ጥቂት ታገሡ። ከዚያ «ተው፣ ተው፣ እሱን ተው» አሉና ወረቀታቸውን ለከድር አስይዘው ተንበረከኩ። የሽርጡን ጫፍ ጎተት፣ ጠቅለል፣ ወደ ውስጥ ሸጎጥ አድርገው አሰሩለት። «አሁን ሩጥበት» አሉት። ልጁ ሮጠ። አልወለቀም።

ሲነሡ ጉልበታቸው ላይ አቧራ ነበር። እንዳያራግፉት ፈለግሁ፤ አራገፉት።

«ያልፋል» አሉ ለከድር። «ግን መጨረሻ ላይ ስለ ጭቆና አንድ አንቀጽ ትጨምራለህ።»

«እጨምራለሁ ጓድ።»

«አጭር ይሁን» አሉ ጓድ እንድሪስ፤ ይህን ያሉት በዝግታ ነው።

አቡጀዲው ሲታደል ቅድም ተንከባለን እንምጣ ያለው ጎልማሳ ድርሻውን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄንን ስናስረጀው ተመልሰው ይመጣሉ?» አለኝ። እመጣለሁ አልኩት። እሱ አልቀለደም፤ እኔም አልቀለድኩም። ጨርቅ የሚያረጅበት ዕድሜ ለሁላችንም እንዲሰጠን ነው የተመኘሁት።

ከድር መኪናው ላይ ተቀምጦ ለእናቱ የሚለውን ይለማመዳል። «ቀኑ ታወቀ እላታለሁ። ቀኑ ታወቀ።» ደጋግሞ ሲለው ሾፌሩ «ሰማን እኮ! ለእሷ አስቀርላት» አለው።

በመጨረሻው ቀን ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ፋጡማ ለመንገድ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልኝ፤ ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ያንኑ ያህል በሌላ ጨርቅ። የማንኛቸውን ቀድሜ እንደምበላ ግራ ገብቶኝ ደብረ ሲና ደረስኩ። ኬላው ላይ ያው ፈታሽ ነበር። የታጠቡትን ናሙናዎቼን ሲያይ «አሁን ልብስ ሆነ» ብሎ አሳለፈኝ።

ከድርና ጓደኞቹ በቅርቡ አዲስ አበባ ይመጣሉ። ብዙዎቻችሁ በቲያትር ቤቱ በር ስታልፉ «የክፍለ ሀገር ኪነት ነው» ብላችሁ እንደምታልፉ አውቃለሁ፤ እኔም አልፌ አውቃለሁ። በዚህ ጊዜ አትለፉ። ከድር ስድስት ዓመት ጽፎታል፤ ኮምቦልቻ ሌሊቱን አጥቦታል፤ አዳራሹ ባዶ ከሆነ ይህ ሁሉ ለወንበር ነው የሚታየው። ስለዚህ ኑ። የከድር እናት ከፊት ትቀመጣለች፤ እናንተ ከኋላዋ ሙሉት። ስትመጡም ልብሳችሁን አጥባችሁ ኑ።